ቀለም መንካት የሌለበት ቦታ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የታደሱ ቸርኬዎች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ከሐረጎ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አውጥተን የፊት ግራ ጎማዋን ስናይ፣ ከአራቱ ዳዶዎች ሁለቱ በጣት ይዞሩ ነበር። ቁልፍ አላስፈለጋቸውም። ቸርኬው ከዘጠኝ ቀን በፊት አዲስ ቀለም ተቀብቶ የተገጠመ ነው። ዳዶዎቹን ያጠበቅኳቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ በደንብ እንዳጠበቅኳቸውም እርግጠኛ ነበርኩ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቀን ነው። ቸርኬን በግቢ ውስጥ ጠግኖ መቀባት በየከተማው የሚሠራ ሥራ ነው። ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ ግን ስለ ቀለሙ ማማር ብቻ ያወራል። እኔ የምተርከው አንድ ጊዜ ከሽፎ እንደገና የተሠራ ሥራ ነው። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ፤ የሆነውን ግን የራሴን ጥፋት ጨምሮ እንደሆነው አስቀምጫለሁ።

መኪናዋና ባለቤቷ

ባለመኪናው በደሴ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል፤ ዛሬም ድረስ ከ«ጋሼ» ሌላ አልጠራቸውም። መኪናቸው ዕድሜዋ የገፋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። አራቱም ቸርኬዎቿ ባለ 14 ኢንች የአሉሚኒየም ናቸው፤ ከፋብሪካው አብረዋት የመጡ ሳይሆኑ በኋላ የተገዙ፣ ሾጣጣ ዳዶ የሚይዙ። መጠባበቂያ ጎማዋ ደግሞ የዛገ የብረት ቸርኬ ላይ የተገጠመ ነው። በሥራው ሁሉ አብሮን የነበረው የእህታቸው ልጅ በኮምቦልቻ የአውቶሞቲቭ ሙያ ሠልጣኝ ነው። ትጉህ፣ ጠያቂ፣ ትንሽ ደግሞ የሚቸኩል ልጅ ነው።

ስለ አገሩ ጥቂት ካላልኩ የሚቀጥለው አይገባም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በተዳፋት የተሠራች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ሲገባ ኮብልስቶን ነው፤ መታጠፊያው ጠባብ፣ የቦዩ ጠርዝ ሹል። በሐምሌና በነሐሴ ከከተማዋ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ይውላል፤ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ተሰቅሎም እርጥብ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ሐረጎ ነው። ይህ የከፍታ ልዩነት በሥራችን ሁለት ጊዜ ገባ፤ አንዴ በቀለሙ፣ አንዴ በጎማው ነፋስ።

የአራቱ ቸርኬዎች ሁኔታ

ጋሼ የጠሩኝ «ቸርኬዎቹ አርጅተዋል፤ ቀለም ቀብተን እናሳምራቸው» ብለው ነው። ሳያቸው ግን አራቱ የያዙት አንድ ዓይነት ችግር አልነበረም።

ሁለቱ የመልክ ችግር ብቻ ነበረባቸው። ጠርዛቸው በድንጋይ ተፍቋል፤ የላይኛው ቫርኒሽ ተላጦ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወጥቶባቸዋል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት የለውም፤ የእሱ ዝገት ይህ ነጩ ዱቄት ነው። ሦስተኛው በየሦስት ቀኑ ነፋስ ካልተሞላ ጎማው ይተኛል። አራተኛው፣ የኋላ ቀኝ የነበረው፣ የውስጥ ጠርዙ ጉድጓድ መትቶት ታጥፏል። መኪናዋ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትደርስ መቀመጫው ይንቀጠቀጣል። ንዝረቱ በመሪው ሳይሆን በመቀመጫው መምጣቱ ራሱ ችግሩ ከኋላ እንደሆነ ይጠቁማል።

ጋሼ ግን የሚያዩት የፊቶቹን መላጥ ነበር። የታጠፈው በውስጥ በኩል ስለሆነ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም።

አውልቆ መመርመር

አራቱንም በአንድ ጊዜ ለማውለቅ ሜዳ ቦታ ያስፈልጋል፤ የጋሼ ግቢ ደግሞ ተዳፋት ነው። መኪናዋን ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰድን። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ጥቂት አላላን፤ ከዚያ በክሪክ አንስተን ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ላይ አስቀመጥናት። ልጁ ብሎኬት ሊያመጣ ሲሄድ ከለከልኩት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጫና ሲበዛበት ያለማስጠንቀቂያ ይፈርሳል፤ እንጨት ግን ቢያንስ አስቀድሞ ይጮኻል።

ጎማዎቹን ጎሚስታ አወለቀልን። ማታ ቸርኬዎቹን በሳሙናና በብሩሽ አጠብናቸው። የፍሬን ሸራ ብናኝ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጋግሮ ስለነበር ልጁ አንዱን እኔ ሳላይ በረኪና ቀብቶ አሳደረው። ጠዋት ቸርኬው ጠቁሮ፣ ፊቱ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተሞልቶ አገኘነው። በረኪና አሉሚኒየምን ይበላል። ያንን ፊት መልሶ ማለስለስ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ሆነ።

ስንጥቅ ለመፈለግ የተጠቀምነው ቀላል ዘዴ ነው፤ ላምባና ጠመኔ። ቸርኬው በቲነር ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ላምባ ይቀባል፤ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ድርቅ እስኪል ይጠረግና የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ መልሶ ይወጣና ነጩን ጠመኔ ያረጥበዋል። ጠመኔውን ያመጡት ጋሼ ናቸው፤ ከጡረታ በኋላም መሳቢያቸው ውስጥ አልጠፋም። ሦስቱ ቸርኬዎች ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። አራተኛው ላይ ከታጠፈው ጠርዝ ተነሥታ ወደ ውስጥ የምትሄድ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ጥቁር መስመር ቀስ ብላ ወጣች።

ዝም ብለን አየናት።

«ባስበይደውስ?»

የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። «ስንት ሰው አስበይዶ ይነዳ የለም እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰው ይነዳል። ለሥራው ፈቃደኛ የሆነ በያጅም ወዲያው ተገኘ፤ «እሳት አስነክቼ በመዶሻ አቃናዋለሁ፤ ከዚያ እበይደዋለሁ» አለ።

እምቢ ያልኩበትን ምክንያት እዚህም ልድገመው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከማዕድኑ ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው ውስጥ በልኩ ሞቆና ቀዝቅዞ ነው የጠነከረው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የቸርኬው ጥንካሬ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይላላል። ብረት ሲግል ይቀላል፤ አሉሚኒየም ቀለሙን ሳይቀይር ስለሚለሰልስ በእሳት የሚያቃናው ሰው መጠኑን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ብየዳው ከላይ ጥሩ ቢመስልም ዙሪያው ይደክማል፤ ስንጥቁም ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይጀምራል። ይህ መኪና ደግሞ ሐረጎን የሚወርድ ነው።

ጋሼ አልተከራከሩም። «እንግዲያው ለሚፈልግ እንሽጠው» አሉ። እኔም በመቁረጫ ጠርዙን ከሁለት ቦታ ከፈልኩት። ሌላ ሰው ገዝቶ፣ አስበይዶ፣ ቀለም ቀብቶ ልጆቹን ሊጭንበት ይችላል። አልጸጸትበትም። በቦታው የዛገችውን መጠባበቂያ ጎማ ገጠምን።

የነሐሴው ሥራ

ሦስቱን ቸርኬዎች በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት በጋሼ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሠራናቸው። ያኔ ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎኝ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ሳየው አራት ስሕተት አለበት፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ አደገኛ ነው።

አንደኛው ከሥር የቀባነው ነገር ነው። ለበርና ለመስኮት የሚሆን የጸረ ዝገት ቀለም ነበረን፤ እሱን ተጠቀምን። ያ ቀለም የተሠራው ለብረት ነው። አሉሚኒየም ከታሸ በኋላ ወዲያው በዓይን የማይታይ ቀጭን ሽፋን በራሱ ላይ ያበጃል፤ ያንን ሽፋን ነክሶ የሚይዝ የራሱ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት ከሥር የሚቀባ፣ ይፈልጋል። ሁለተኛው የማጽዳቱ ጉዳይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ካሸን በኋላ በእጃችን እየዳሰስን «ለሰለሰ» ስንባባል ቆይተን በዚያው ቀባን። የእጅ ወዝ ለቀለም ጠላት ነው።

ሦስተኛው አየሩ ነው። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ስንረጭ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደ አረጀ መስታወት ነጣ። ልጁ ቫርኒሹ የተበላሸ መሰለው። ቫርኒሹ ግን ምንም አልሆነም። በውስጡ ያለው ቲነር ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ውኃ እዚያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ከቫርኒሹ ጋር ይደባለቃል። በደሴ ነሐሴ፣ ጉም ግቢ ውስጥ ገብቶ ባለበት ሰዓት፣ ሌላ ውጤት መጠበቅ አልነበረብንም።

በዚህ መሀል አንድ ነገር በሰላም አለፈ። የጋሼ ባለቤት ቡና ሊያፈሉልን ከሰሉን አቀጣጥለው ከዚያው ጥላ ሥር አስቀመጡት። ልጁ ደግሞ ሁለት ሜትር ርቆ ቀለም እየረጨ ነበር። የቀለም እንፋሎት ከእሳት ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን በጋራዥ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሮጬ ምድጃውን ወደ በረንዳው አሻገርኩት። ከዚያ በኋላ ደንባችን ቡናው ቤት ውስጥ፣ ቀለሙ ውጭ ሆነ። አቦሉን የጠጣነው እጃችንን ታጥበን ነው።

አራተኛውን ስሕተት ያን ቀን ማናችንም አላየነውም። ልጁ ቸርኬዎቹን ከፊትም ከኋላም፣ ቀዳዳቸውን ጭምር፣ አንድ ቦታ ሳያስቀር ቀባቸው። እኔም አይቼ «ጎበዝ» አልኩት።

ሐረጎ ላይ

በዘጠነኛው ቀን ጋሼ እህታቸውን ሊጠይቁ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ እኔም አብሬ ነበርኩ። ቁልቁለቱን ከጀመርን በኋላ ከፊት በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ጋሼ «ጠጠር ይሆናል» አሉ። መሪው ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ግን ዳር ያዙ አልኳቸው።

የፊት ግራው ሁለት ዳዶ ላልቷል። በቁልፍ አንድ በአንድ ስፈትሽ፣ በሦስቱ አዲስ የተቀቡ ቸርኬዎች ላይ ካሉት 12 ዳዶዎች አምስቱ ያለ ችግር ዞሩ። በዛገችው፣ ማንም ቀለም ባልቀባት የብረት ቸርኬ ላይ ያሉት አራቱ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሁሉንም ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ በዚያው ቁልፍ፣ በዚያው ቀን። ልዩነቱ ቀለሙ ነበር።

ጋሼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሒሳቡን ሠሩት። የዳዶው ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። ከሥር የተቀባው፣ ቀለሙና ቫርኒሹ ተደምረው 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው የአንድ ዙር አንድ አሥረኛ ነው። ቀለም ለስላሳ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለሙ ላይ ተቀመጠ እንጂ ብረቱ ላይ አልተቀመጠም። በቁልቁለቱ ፍሬኑ ሲግል ሙቀቱ በዲስኩና ቸርኬው በሚታሰርበት ሞዞ አልፎ ወደ ቸርኬው ይመጣል፤ ቀለሙ ይለሰልሳል፤ ይጨፈለቃል። ያን ጊዜ ዳዶው ሳይዞር ላልቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ያዞረዋል። ብሎን ሲጠብቅ የሚለጠጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ቸርኬውን ጨምቆ የያዘውን ኃይል ለማጣት ያቺ ትንሽ ክፍተት ትበቃዋለች።

ያስተማሩኝ ሰው አምሳ ዓመት የሞላውን ተማሪያቸውን እንደገና አስተማሩት። ዳዶዎቹን እዚያው አጥብቀን፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን እየፈተሽን ኮምቦልቻ ገባን። በዚያው ቀን ሦስቱንም አውልቀን የዳዶ መቀመጫዎቹን በቢላና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረታቸው ፋቅናቸው።

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት

በመስከረም ውስጥ ቀለሙ ራሱ መነሣት ጀመረ፤ የላቫጆ ውኃ ሲያርፍበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ከዜሮ ጀመርን። ቦታውንም ለወጥን። የጋሼ እህት ግቢ ኮምቦልቻ ነው፤ ሜዳ ነው፤ በጥቅምት ሰማዩ ጠርቶ አየሩ ደረቅ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ረጨን፤ ከዚያ በኋላ ንፋስ ይነሣና አቧራ ያመጣል።

አሮጌውን ቀለም ሙሉ በሙሉ አነሣን። የተፋቀውን ጠርዝ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለን፣ በ180፣ ቀጥሎ በ320 እያለሰለስን ሄድን። ጥልቅ ጭረት ብቻ ስቱኮ ሞላነው፤ ያውም በውጭ ፊቱ ላይ። ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ስቱኮ አላስነካንም። ከዚያ በሳሙና አጥበን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ ንጹሕ ጨርቅ በቲነር ነክረን ጠረግናቸው። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት የነካቸው ሰው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደው መሸፈኑ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ይገባውም ነበር። ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበትን የኋላ ፊት በካርቶን ክብ ቆርጠን በወረቀት ፕላስተር ዘጋነው። ጎማው የሚነክሰውን ጠርዝ ዙሪያውን ለጠፍንበት። ለዳዶ ቀዳዳዎቹ ያገኘውን መላ ያመጣው ልጁ ነው፤ አጫጭር አሮጌ ብሎኖችን ከኋላ አስገብቶ ከፊት አሮጌ ሾጣጣ ዳዶ አጠበቀባቸው። ዳዶው መቀመጫውን በልኩ ስለሚሸፍነው አንዲት የቀለም ጠብታ አትገባም። ይህን በሌላ ቦታ ሲሠራ አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህ እኔም በጋራዥ እሠራበታለሁ።

ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ከአዲስ አበባ አስመጣን። የቀለም ቆርቆሮዎቹን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀመጥናቸው፤ ሙቅ ውኃ ግን አይሆንም፤ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን ውኃ ረጨንበት። ርቀታችን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ነበር። መርጨቱ ከቸርኬው ውጭ ተጀምሮ ከቸርኬው ውጭ ያበቃል፤ በመሀል ላይ ጣት ከተነሣ ወይም ከተጫነ ቀለሙ እዚያ ይጠራቀምና ይወርዳል። ፕራይመሩን ሦስት ጊዜ፣ ብርማ ቀለሙን ሦስት ጊዜ፣ ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ በስሱ ረጨን፤ በየመካከሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቆየን። ፕራይመሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ በ600 ቁጥር በውኃ አሽተነዋል።

የቀለም ሻጩ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለውን ጠንካራ ቫርኒሽ እንድንወስድ መክሮን ነበር። እውነት ነው፤ የበለጠ ይቆያል። ነገር ግን እንፋሎቱ ሳንባን ክፉኛ የሚጎዳ ነው፤ ተራ የጨርቅ ጭንብል አይመልሰውም። የሚፈለገው መከላከያ በሌለበት፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አልረጨውም አልኩ። ተራውን ወሰድን።

ሳይገጠሙ ሰባት ቀን ቆዩ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሊያስገጥም ፈልጎ ነበር፤ ጥፍሩን ቫርኒሹ ላይ ጫን እንዲያደርግ ነገርኩት። ምልክቱ ቀረ። እሱም ተወው።

ዳዶ ስናጠብቅ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ተዋስን፤ ለዚህች መኪና ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሦስት ደረጃ አጠበቅን። 50 ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ እንደገና ፈተሽን፤ በ100 ላይም። አንዱም አልተነቃነቀም።

የነፋሱ ነገር

ነፋስ የሚያፈሰውን ቸርኬ ጎሚስታው ሁለት ጊዜ «ጎማው ነው» ብሎ ጠግኖት ነበር። የሳሙና ውኃ ሲቀባ ግን አረፋው ከጎማው አልመጣም፤ ከሁለት ቦታ መጣ። አንዱ ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ እዚያ ነጩ ዝገት አሉሚኒየሙን ሸካራ ስላደረገው ጎማው አይገጥምም። ሁለተኛው ነፋስ የሚሞላበት የባልቦላው ላስቲክ ነው፤ ተሰንጥቋል። ጠርዙን በ180 ቀጥሎም በ320 ቁጥር እስኪያበራ አሸን፤ ባልቦላውን ቀየርን።

ከዚያ መኪናዋ ወደ ደሴ ተመለሰች፤ ጋሼም በማግስቱ ጠዋት ደወሉ። «አሁንም ያፈሳል፤ 32 የሞላነው 31 ሆኗል» አሉ። አራቱንም ይለኩ አልኳቸው፤ አራቱም 31 ነበሩ። አንድ ቸርኬ ሊያፈስ ይችላል፤ አራቱ በአንድ ሌሊት እኩል አያፈሱም። የሆነው ይህ ነው፦ ነፋሱ የተሞላው በኮምቦልቻ የቀን ሙቀት ነው፤ የተለካው በደሴ የጠዋት ብርድ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በእንዲህ ያለ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት በ1.5 ፒ.ኤስ.አይ (32 እና 31 የተባሉትም በዚሁ የግፊት መለኪያ ናቸው) ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ የውጩ አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ጨምሮ ያሳያል። ሁለቱ ተጣጥለው የቀረው ልዩነት ነው ጋሼን ያስደነገጣቸው። ከዚያ በኋላ የሚለኩት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ሆነ። ቀድሞ በሦስት ቀን ይተኛ የነበረው ጎማ በወር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ ብቻ ይቀንሳል፤ ይህ ለደህና ጎማም ያለ ነው።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ከዚህ ጉዳይ የምነግረው፣ ቀለም ከመግዛቱ በፊት ቸርኬዎቹን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ነው። ጭረትና መላጥ በቤት ይሠራል። ነፋስ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ በቤት ይሠራል። መታጠፍ በሙያተኛ መታየት አለበት። ስንጥቅ አይሠራም። ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ምርመራው ከቀለሙ በኋላ ሊሆን አይችልም። ያገለገለ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ቸርኬ የሚገዛ ሰውም የውስጥ ጠርዙን አገላብጦ ይይ።

ሌላው የወቅቱ ነገር ነው። በደጋ ከተማ በክረምት የሚረጭ ቫርኒሽ መንጣቱ አይቀርም። መኪናው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ በክረምት ማጽዳቱን፣ ማሸቱንና ነፋስ ማፍሰሱን ማስተካከል ይቻላል፤ ቀለሙን ለጥቅምት ማቆየት ነው። ወይም ዝቅ ወዳለ አገር መውረድ፤ ለእኛ 25 ኪሎ ሜትር ነበር።

ስለ ዳዶ መቀመጫውና ስለ ኋላ ፊቱ ከሐረጎው ታሪክ የበለጠ የምጨምረው የለኝም። አንድ ብቻ፦ ልጁን አልወቅሰውም። እጅግ የተጠነቀቀ ሰው ነው ሁሉንም ቦታ የሚቀባው። መቀባት የሌለበትን አስቀድሞ መንገር የእኔ ሥራ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ

በሚያዝያ መጨረሻ ቸርኬዎቹን እንደገና አየኋቸው። ቀለሙ ይዟል። ጠጠር የመታቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ። አንደኛው ቸርኬ ላይ፣ ጠርዙ አጠገብ የሞላነው ስቱኮ ጎሚስታ ጎማ ሲያወልቅ በብረቱ ነክቶት ወድቋል፤ ያንን ቦታ ደግሜ ብሠራው ስቱኮ አልሞላም ነበር፤ አለስልሼ ብቻ እተወው ነበር። ጎማው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዞር የሚሰካው የባላንስ እርሳስ በጠርዙ ላይ ተነክሶ የተሰካበት ቦታም ቫርኒሹ ተሰንጥቆ ነጭ ዱቄት ሊጀምር ነው። በሚቀጥለው በውስጥ በኩል የሚለጠፈውን እርሳስ እናስደርጋለን።

ለአራተኛው ቸርኬ ምትክ የተገኘው በኅዳር ነው፤ ተመሳሳይ ቅርጽ፣ አራት ቀዳዳ፣ በላምባና በጠመኔ ተፈትሾ። እሱንም ልጁ ብቻውን ቀባው፤ አሮጌ ብሎኖቹን ራሱ ሻጠ። የብረቷ መጠባበቂያ አሁን ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ ዝገቷ እየበላት ነው። ዝናቡ ሳይጀምር በግንቦት እንሠራታለን ተባብለናል፤ ለእሷ የሚሆነው የጸረ ዝገት ቀለም ከነሐሴው ተርፎ ጋሼ መደርደሪያ ላይ አለ።